በእኔና በአንቺ መካከል አንድ ማራቶን

ጅማ፣ ግንቦት 2018

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የላክሽው ቡና ደርሶናል። እናትሽ ወዲያው ቆልታ አፈላችው። ጎረቤቱ ሁሉ «የመምህርቷ ቡና» እያለ ሦስተኛውን ሳይጠጣ አልተነሳም።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ለዓለም ዋንጫው ተማሪዎችሽ የ48ቱን አገሮች ባንዲራ ስለው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ ነው አልሽኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና በወጉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ባንዲራ መሳሉ ክፋት የለውም። እኔም አድርጌዋለሁ። በ1984 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት የቆጂ የተወለደች ልጅ ሆነች። ከሩጫው በኋላ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ መስከረም ላይ ልጆቹን የተሳታፊ አገሮችን ባንዲራ አሳልኳቸው። ክፍሉ አማረ። ገና ሲደርስ አንዱን ልጅ ጠርቼ «ይሄ የማን ባንዲራ ነው?» አልኩት። ራሱ የሳለው ነው። ዝም ብሎ አየኝ። አላወቀውም።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ጥፋት የለበትም። የጠየቅኩት እጁን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራዬ በሲድኒ ኦሎምፒክ ጊዜ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። በማግስቱ ክፍል ስገባ ወሬው ሌላ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ 0.09 ሰከንድ ምን ያህል ነው?» አለኝ። መልሱን አልነገርኩትም። ኑ አብረን እናስላው አልኩ። ኃይሌ 10 ሺህ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ነው የጨረሰው። በአማካይ በየሰከንዱ 6.1 ሜትር ሮጧል ማለት ነው። ይህንን በ0.09 ስናባዛው 55 ሳንቲ ሜትር መጣ። ሲባጎ ቆርጠን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። አንድ ክንድ! ከ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ አንድ ክንድ! ልጆቹ ተጋፍተው እየመጡ በየክንዳቸው ለኩት። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነስታ «መጨረሻ ላይ ከአማካዩ በላይ ፈጥነው ስለነበር ልዩነቱ ከዚህ ይበልጣል» ብላ ተከራከረችኝ። ልክ ነበረች። ያን ዓመት አስርዮሽ የሚፈራ ልጅ ክፍሌ ውስጥ አልነበረም።

ልነግርሽ የፈለግኩት ይህንን ነው። ውድድሩ የቱንም ያህል ሩቅ ቢሆን፣ ልጁ በገዛ ክንዱና በገዛ እግሩ የሚለካው ነገር ፈልጊለት።

አንቺ ደግሞ ጥሩ ቦታ ላይ ነሽ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማራቶን 42.195። ተማሪዎችሽ ያንን መንገድ በሚኒባስ ያውቁታል። አበበ ቢቂላ ከጅማ ተነስቶ አጋሮ ሊገባ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ያለውን ርቀት በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦታል ብለሽ ንገሪያቸው። ሮም ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። ከዚያ ወዲያ ሮም የት እንዳለች ካርታ ላይ ለማግኘት ራሳቸው ይሽቀዳደማሉ።

አሁን ስለ ዓለም ዋንጫው። የሚጀምረው ሰኔ 4 ነው፣ የሚያልቀው ሐምሌ 12። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ ከዚያም ትምህርት ይዘጋል። ውድድሩ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሆነ ብዙው ጨዋታ በእኛ ሌሊት ነው። ትንሽ ነገር ሥሪበት፣ ሙሉ ጉልበትሽን ግን አታፍስሺበት። ጉልበትሽን ለዳካር አስቀምጪው።

የወጣቶች ኦሎምፒክ ከጥቅምት 21 እስከ ኅዳር 4 ቀን 2019 ዳካር፣ ሴኔጋል ውስጥ ይካሄዳል። የኦሎምፒክ ውድድር አፍሪካ ምድር ላይ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተወዳዳሪዎቹም ከ17 ዓመት ያልበለጡ ናቸው። የተማሪዎችሽ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች እኩያ ማለት ነው።

እና ያቺን የምታስጨንቅሽን ነገር አስቢ። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል፣ ልጆቹ ለለቀማ ይሄዱና ክፍልሽ ይራቆታል። ዳካር የሚውለው ልክ በለቀማው ጊዜ ነው።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። ከአጋሮ ዳካር በቀጥታ መስመር ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ነው። 60 ተማሪ አለኝ ብለሽኛል። እያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ደርሶ ለመመለስ በአማካይ 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ክፍሉ በቀን 240 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ25 የትምህርት ቀን 6,000 ሞላ! ከመስቀል ማግስት፣ ሰኞ መስከረም 18 ብትጀምሩ፣ ዓርብ ጥቅምት 20 ዳካር ትገባላችሁ። በመክፈቻው ዋዜማ! ይህንን ሳሰላው እናትሽን ጠርቼ አሳየኋት።

ካርታውን በሲሚንቶ ወረቀት ጀርባ ላይ ሳሉት፣ ወጪ የለውም። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ የመጣበትን ይጽፋል፣ መስመሩም ወደፊት ይሄዳል። ዛሬ ደቡብ ሱዳን ከገባችሁ ተረኞቹ ስለ ደቡብ ሱዳን አንብበው በሚኒ ሚዲያ ይናገሩ። መሮጥ የማይወደው ሒሳብ ያዥ ይሁን፣ ካርታ ሳይ ይሁን። ስለ ታምራት ቶላም አንሺላቸው። ፓሪስ ላይ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ ገባና ማራቶኑን በ2:06:26 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁልጊዜ ሳይመረጥ የሚቀር ልጅ ይህንን ሲሰማ ፊቱን እይው።

አንድ ነገር አደራ። ካርታውን መገረፊያ እንዳታደርጊው። ለቀማ የሄደ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የዓመቱ ደብተርና ልብስ ከዚያ ቡና ነው የሚወጣው። «በአንተ ምክንያት ወደ ኋላ ቀረን» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። ይልቅ ሲመለስ ከቤቱ እስከ ማሳው የሄደበት ይቆጠርለት። የሚያስመዘግበው ነገር ያለው ልጅ ይመጣል። በሲድኒው ዓመት አንዲት እናት ልጇን ከለቀማ መልሳ «ሐሙስ ተራው ነው ብሎ አላስተኛኝም» ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ጋ ሄዶ መለመን ትቼ ለልጁ ተራ መስጠት ያዝኩ።

ሐሳቡን በትምህርት ዕቅድሽ ላይ በግልጽ አስፍሪው፣ ሒሳብና ማኅበራዊ ሳይንስ ብለሽ። እኔን በጊዜው አንድ አለቃዬ «ክፍለ ጊዜ በጨዋታ አባከንክ» ብሎ ሰው ፊት ወቅሶኛል። የጽሑፍ ዕቅድ ቢኖረኝ መልስ ነበረኝ።

የድሮዋን ሩጫ መያዣ ሰዓቴንና አንድ ጥቅል ሲባጎ በቅዳሜው ሚኒባስ እልክልሻለሁ። እናትሽ ቆሎ ጨምራበታለች። እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከተከራየሽበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ስንት እርምጃ ነው? ቆጥረሽ ላኪልኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ያንቺ ይሁን።

አባትሽ