ለአህያችን ድምፅ፣ መብራትና መጫኛ ለሰጣችሁ ሁሉ

ያለፈው ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ከፍታችሁ አብራችሁን ለሳቃችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ሰዎች፣ ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። አራት ሆነን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር የለፋንበት የ11 ደቂቃ የካርቱን ኮሜዲ በሰላም ተላልፏል። ላላያችሁት ታሪኩ አጭር ነው፦ የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደች አህያ ጭነት ተሸክማ ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ ስትነዳ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙን ታይና ትቆማለች። ጋቢ ካልተገዛልኝ ንቅንቅ አልልም ትላለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አላት ብለን ነበር የገባንበት። ቴሌቪዥን ለአንድ ሰከንድ 25 ምስል ይበላል። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያሳየን ብንቆጥብ እንኳ ሂሳቡ ከ8,000 በላይ ይመጣል። እርግጥ አህያዋን ሁልጊዜ እንደ አዲስ አልሳልናትም፤ ጭንቅላቷን፣ መንጋጋዋንና እግሮቿን ለየብቻ ስለን በኮምፒውተር አንቀሳቀስናቸው። እንዲያም ሆኖ ጅራቷ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅታብናለች።

በዚህ ሥራ ድምፅ ይቀድማል፤ ሥዕሉ ድምፁን ተከትሎ ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምስጋና አህያዋን በድምፅ የተጫወቱልን፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ እናታችን ነው። ከእርስዎ በፊት የሞከሩት ሁሉ አህያ ለመምሰል ሲታገሉ ሳቁ ይጠፋ ነበር። እርስዎን ያገኘንዎት ከከሰል ሻጭ ጋር ሲከራከሩ ነው። «በስተርጅና አህያ ሁኚ ስትሉኝ አታፍሩም?» አሉንና፣ ወዲያው ደግሞ «አብሽሩ፣ እሞክረዋለሁ» ብለው ነጠላዎን አጣፍተው ገቡ። ስቱዲዮ ስላልነበረን ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁመን፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርበን ነበር የምንቀዳው። አዛን ሲጀምር እናቆማለን፤ አዛኑ ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይቀጥላል፤ ደወሉ ሲያርፍ የጎረቤት አውራ ዶሮ ተራዬ ነው ይላል። ዶሮውን ማሸነፍ አልቻልንም። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የሚሰማው እሱ ነው፤ ሆን ብለን ያስገባነው የመሰላችሁ ካላችሁ፣ እንደዚያው ይሁን።

የኔታ፣ እርስዎን እንዴት አድርገን እንደምናመሰግን አናውቅም። የአህያዋ አፍ ከቃሏ ጋር አልሄድ ብሎ ተቸግረን ነበር። የነበረን የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ በመሆኑ፣ አህያዋ «ጋቢ» ስትል ሌላ ነገር የምታኝክ ትመስል ነበር። እርስዎ ችግራችንን ሰምተው ፈገግ አሉና «ሰባቱ ቤት ምን ሠርቶ ነው?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ደረደሩን። ካዕብ ላይ ከንፈር ይሾላል፣ ሣልስ ላይ ወደ ጎን ይሳባል፣ ራብዕ ላይ መንጋጋ ይወርዳል፣ ሳብዕ ላይ ከንፈር ይከባል፤ መ፣ በ እና ጰ ደግሞ ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም። አራት ጎልማሶች አንዲት መስታወት እየተቀባበልን «ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ስንል አከራያችን በር ከፍተው አይተውን፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ዘጉት። በዚያ ሳምንት አህያዋ አማርኛ መናገር ጀመረች።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም የምትኖሩበት ነው። አንድ ሌሊት ሙሉውን ካርቱን እንደ አንድ ቪዲዮ እያወጣን ሳለ መብራት ሄደና ዘጠኝ ሰዓት የለፋበት ኮምፒውተር ባዶ እጁን ቀረ። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የምትጠግነው እህታችን ነች ያተረፈችን። «ምስሉን አንድ በአንድ አስወጡት፣ በኋላ ትገጣጥሙታላችሁ፤ መብራት ቢሄድ የምታጡት አንዱን ብቻ ነው» አለችን። ለምክሯ ገንዘብ አልተቀበለችም። ሐጂ አባታችንም ጄኔሬተርዎን ከሱቅዎ አውጥተው፣ ነዳጁን ከራስዎ ኪስ ሞልተው ሰጡን፤ አላህ ይስጥልን።

ወጪውን እሸፍናለሁ ያለ አንድ ድርጅትም ነበር። ለሁለት ወር ካመላለሰን በኋላ አህያ ለስማችን አትመጥንም ብሎ ተወን። ስሙን አንጠራም። አህያዋ ግን ሰምታለች።

የቅዳሜውን ማታ ያሳለፍነው ከሰው ጋር ሆነን ለማየት ፈልገን አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ማንነታችንን አልተናገርንም። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ወር የፈጀብን ቀልድ አለ፤ ማንም አልሳቀም። አስተናጋጁ እንዲያውም በዚያች ሰዓት ሒሳብ ሰበሰበ። ከዚያ አህያዋ ሐረጎ ላይ ቆማ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ጉሙን አየች፤ ቀጥሎም ባለቤቷን አየች፤ እንደገና ጉሙን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያቺን ዝምታ የጨመርናት ድምፅ ስላጠረን ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ይህችን አህያ አውቃታለሁ፣ ሽጫታለሁ» ሲሉ የስምንት ወሩ ድካም ከላያችን ወረደ።

ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። አህያ ነጂ ነው። ሲያልቅ ተነሥቶ፣ ለማንም ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ «መጫኛው የት አለ? ጭነቱ በምን ታስሮ ነው ሐረጎን የወጣው?» ብሎ ሻዩን ከፍሎ ወጣ። ተያየን። እውነቱን ነው፤ ሁለቱን ጆንያ ጀርባዋ ላይ ስለን ገመዱን ረስተነው ኖሯል።

ወንድማችን፣ ስምህን ሳንጠይቅህ ሄድክ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራንም። በድጋሚ ሲተላለፍ ቀርበህ ተመልከት፤ መጫኛዋ ሆዷ ሥር ዞሮ በደንብ ታስሯል።

አዘጋጆቹ፣ ከደሴ