ዘንድሮ በርበሬ አትላኪልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። አባታቸውም የሌሊት ሥራውን እንደያዘ ነው። ይህን ነገር በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ገና ስጀምረው "እሺ እሺ፣ በይ ደህና ዋይ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። አንቺም እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ እንዳትቆጪ።

ነገሩ ይሄ ነው፦ ዘንድሮ በርበሬ አትላኪልኝ።

አውቃለሁ፣ ከቡሬ የሚመጣውን ዛላ ካሁኑ አስነግረሽ ይሆናል። "የእሷ ለብቻ ይቀመጥ" ማለትም ጀምረሻል። ግን አምና ስትቀነጥሺ ወገብሽን ይዞሽ እንደተኛሽ እህቴ ነግራኛለች። አንቺማ ደብቀሽኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ የወፍጮ ቤት ወረፋው፣ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ፍለጋው፣ የሻንጣ ልመናው አለ። ይህ ሁሉ መከራ እኔ እዚህ ቀይ ወጥ እንድሠራ ነው። ከሱቅ ልገዛ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ራሴ ሠርቻለሁ። አዎ፣ እኔ። ከዛላው ጀምሬ።

በምን ጓሮ፣ በየትኛው ፀሐይ እንደምትይ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እናንተ ጋ ዝናቡ ሲበረታ እኛ ጋ በጋ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ፣ ሰው አትክልት የሚተክለው ግንቦት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተከለ ሰው ውርጭ ይቀድመዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ውርጩ ተመልሶ ይመጣል። መሬቷ ለሥራ የምትሆነው አምስት ወር አይሞላም ማለት ነው። ያንቺ ጎመን ዓመቱን ሙሉ ሲቀነጠስ ለኖረ ሰው ይህ ይከብዳል። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሣር ግማሹን ነቅለን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር ተከልን። ጤና አዳሙ የቆየ ነው። በረዶ ሥር ይከርምና እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ጉድ ነው። በሶብላው ግን ቅዝቃዜ ስለማይችል በየዓመቱ እንደ አዲስ ይዘራል።

ውሃ ነው ችግሩ። ደብረ ማርቆስ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እዚህ 400 እንኳ አይሞላም። አንድ የሚያስቅሽ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ እስከ 2016 በፈረንጆቹ ድረስ ሰው ከቤቱ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም በሕግ አይፈቀድለትም ነበር። ውሃው ወንዝ ገብቶ ታች ያለው ባለመብት የሚጠጣው ነው ይላሉ። አሁን ለአንድ ቤት ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን ተፈቅዷል። ወደ 416 ሊትር ይሆናል። የአሸንዳ ውሃ በእንስራ ስትቀበይ የኖርሽ ሴት ይህን ስትሰሚ ምን እንደምትይ ይታየኛል።

ይህን የነገሩን ከጎናችን ያሉት አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ ብቸኛ ሰው ናቸው። በርሜሎቹንም ከባለቤቴ ጋር ሆነው የተከሉልን እሳቸው ናቸው። ልጆቹ አሁን "አያታችን" ይሏቸዋል። እኔ አላስተማርኳቸውም።

ሰኔ ላይ በረዶ መታን። አዛውንቱ ሰማዩን አይተው በራችንን እየደበደቡ "ሸፍኑ! ሸፍኑ!" አሉን። ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ያገኘነውን ሁሉ ይዘን ወጣን። ቲማቲሙን አተረፍነው። ጎመኑ ግን ብትንትኑ ወጣ። በማግስቱ ቅጠሉን ለቅሜ ልጥለው ስል ከማዶ ያሉት የኔፓሏ እናት በአጥሩ በኩል እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እዚህ አውሮራ ኔፓልኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ከቡታን ተሰደው የመጡ ናቸው። እሳቸው እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ እኔም ኔፓልኛ አላውቅም። ግን አትጣዪው ማለታቸው ገባኝ።

አብረን ለቀምነው። ቅጠሉን ጥላ ላይ አጠወለጉት፣ አደቀቁት፣ ማሰሮ ውስጥ ጠቅጥቀው አየር እንዳይገባው ከደኑት። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲኮመጥጥ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ጉንድሩክ ይባላል። ሲደርቅ እፍኝ የማትሞላ ነገር ትሆናለች፤ ውሃ ሲነካት ግን ሾርባው ቤቱን ያውደዋል። ፍልሰታን የጾምነው በእሱ ነው ብልሽ ማጋነን አይሆንም። አንቺ ብትቀምሽው "ትንሽ ሚጥሚጣ ይጎድለዋል" ትያለሽ፤ እኔም ጨምሬበታለሁ። እሳቸውም ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጎ ነቀነቃ ይሁን ክፉ እስካሁን አላወቅኩም።

ነሐሴ ላይ ቲማቲሙ አንዴ ጎረፈ። ስልስ ሠራን፣ ለጎረቤት ሰጠን፣ ለቤተ ክርስቲያን ወሰድን፣ አሁንም አያልቅም። አዛውንቱ የሟች ሚስታቸውን ትልቅ ድስትና የመስታወት ጠርሙሶች ከምድር ቤት አወጡልኝ። ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ቲማቲም በጠርሙስ አሽጎ ለቅዝቃዜው ማስቀመጥ እዚህ አገር የድሮ ባልትና ነው። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው "እሷ እንዲህ ነበር የምታደርገው" እያሉ ያዙኛል፣ እኔ እሠራለሁ። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ለገበሬውና ለቤት እመቤቱ የሚያወጣው መመሪያ አለ። እሱንም አነበብኩ፤ ምክንያቱም ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ቲማቲሙ ይላጣል፣ ይደቅቃል፣ ይፈላል፣ በትኩሱ ጠርሙስ ይሞላል። አንድ ሊትር ገደማ በሚይዘው ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይገባበታል። ያውም ከሱቅ የሚገዛው፣ ምክንያቱም የእሱ ኮምጣጣነት አይለዋወጥም። ሎሚው ለጣዕም አይደለም። አየር በሌለበት የሚራባ ተሕዋስ አለ፤ መርዙ ሰው ይገድላል። ቦቱሊዝም ይሉታል በሽታውን። ኮምጣጣ ምግብ ውስጥ ግን አይራባም። ከዚያ ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይፈላል።

የመፍላቱን ጊዜ ደግሞ የሚወስነው ከፍታው ነው። ከፍ ባለ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ያን ያህል አይግልም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ያንቺ ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላው አልበስል ብሎ ስታማርሪ የኖርሽው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው እንጂ እንጨቱ ብቻ አይደለም። እኛ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆንን 95 ገደማ ነው። ባሕር ጠረፍ ያለ ሰው 45 ደቂቃ የሚያፈላውን ጠርሙስ እኛ 55 ደቂቃ እናፈላዋለን። ፎሶሊያውን ግን በዚህ መንገድ አልነካሁትም። ኮምጣጣ ስላልሆነ በተራ ድስት አይሆንም፤ የግፊት ድስት ይፈልጋል። ቀቀል አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፣ ተገላገልኩ።

ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ እየተሳበ "ጠቅ" ይላል። ታሽጓል ማለት ነው። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተጋድመው እየቆጠሩ ተጣሉ። የኮኩን ማርማላታ ሠርተን ነበር፤ የእሱን ታሪክ አልነግርሽም፣ በሳምንቱ አልቋል።

አሁን ወደ በርበሬው።

ከመንገዱ ወዲያ የምትኖር ሴት አለች፤ ዘሯ ከሜክሲኮ ነው። ቤተሰቦቿ ያሉት ፑዌብሎ ነው፣ ከእኛ ወደ ደቡብ። ፑዌብሎ በቃሪያው የታወቀ ከተማ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ በየመንገዱ ዳር ቃሪያ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ በጋዝ ነበልባል ይጠብሱታል። ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ባለቤቴ መስኮት ከፍቶ ነው የሚያልፈው። ይህች ጎረቤታችን በአረንጓዴው ነው የምታውቀው። እኔ ግን "ተክሉ ላይ እስኪቀላ የቆየ አለ ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት። ለእንቁጣጣሽ ማግስት ወንድሟ ሁለት ጆንያ ቀይ በርበሬ ይዞ መጣ። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጣችኝ። እንዳንቺው ናት ስታኮርፍ።

የፑዌብሎ በርበሬ ሥጋው ወፍራም ነው። እንደ ቡሬው እንዲሁ ቢያሰጡት ሳይደርቅ ይሻግታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለሁለት ሰነጠቅነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ አንሶላ ላይ ዘርግተን ቀን ቀን አሰጣነው፣ ማታ ማታ እናስገባለን። አልደርቅ ያለውን በዝቅተኛ እሳት ምድጃ ውስጥ ጨረስነው። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ግን አያቃጥልም። ጎረቤታችን ቀምሳ ሳቀችና ቀጭን ቀጭን፣ የሚያንገበግብ ሌላ ደረቅ በርበሬ አመጣችልኝ። ቺሌ ደ አርቦል ይባላል። ከእሱ ትንሽ ቀላቀልኩበት።

ከዚያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የራሳችን በሶብላ፣ የራሳችን ጤና አዳም አንድ ላይ ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ተሸፍኖ አደረ፣ እንደገና ተሰጣ። ድንብላሉን፣ አዝሙዱን፣ አብሹን አመስኩ። የቅመም መፍጫ ከኔፓሎቹ ቤት ተዋስን። የኔፓሏ እናት የአብሹ ሽታ ሲደርሳቸው ጊዜ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። እነሱም ቤት ይጠቀሙበታል ለካ። ትንሹ ልጄ ሲያስነጥስ ውሎ መኝታ ቤት ገብቶ ቆለፈ። ቡናኙ በመስኮት ወጥቶ አዛውንቱ ሲስሉ ሰማሁና ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። "ይቅርታውን ተዪው፣ ከነገሩ ትንሽ ስጪኝ" አሉኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት እንቁላል ላይ ይነሰንሱታል። አትደንግጪ እንግዲህ።

ሁልጊዜ በስልክ "ሰው አለሽ ወይ?" ትይኛለሽ። እኔም "አለኝ" እላለሁ፣ አንቺም አታምኚም። "ቢያምሽ ማን ውሃ ያቀብልሽ?" ብለሽ ሌሊት እንደማትተኚ አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም፣ አንቺም ወገብሽን አልነገርሽኝም። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ልጆቹን ከመንገዱ ወዲያ ያለችው ወሰደቻቸው። ሾርባው ከኔፓሎቹ መጣ። አዛውንቱ አትክልቱን ውሃ አጠጡ፣ ቲማቲሙንም ጠፍር አሰሩለት። ማንንም አልጠራሁም። መጋረጃው ሳይከፈት መርፈዱን አይተው ነው የመጡት።

ስለዚህ ያንቺ በርበሬ አስጠላኝ ማለት አይደለም። የኔ ካንቺ ይበልጣል ብዬም አልዋሽም። አይበልጥም። ወጡ ላይ ቀለሙ ያምራል፣ ግን ያንቺ ከኋላ የምትመጣዋ ነገር የለችውም። ያም ሆኖ ቤቱ በእሱ ይከርማል። ሰውም ሲጠይቀኝ ከየት መጣ ብዬ የምነግረው ታሪክ አለኝ።

በዚህ ፈንታ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ለቤትሽ የሚሆነውን በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው ቅጠሪ። ገንዘቡን ለእህቴ ልኬላታለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ስእለት ነው ብለሽ እንዳታሳልፊው። ሁለተኛ፣ የሆነ ነገር ሳልልክ አልቀርም ካልሽ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ሽታው በመርከብ ላይ ያልቃል መሰለኝ። ዘር ግን እንዳትልኪ፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱታል።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። ስንት ኮረሪማ ለስንት በርበሬ ብዬ በጠየቅኩሽ ቁጥር "እፍኝ" ትይኛለሽ። የማን እፍኝ? ያንቺ እፍኝ የእኔን ሁለቱን ይሆናል። ዘንድሮ በግምት ነው የጨረስኩት። የእህቴ ልጅ ይህን አንብባ እንደጨረሰች ሚዛኑን ታምጣ። እፍኝሽን ሞልተሽ አፍሺና ትመዝነው። ግራሙን በቴሌግራም ትላክልኝ፤ ሁለተኛው ጆንያ ገና አልተፈጨም።

ልጅሽ፣ ከአውሮራ