የታሪክና የክርክር ክበብ፦ የድሬድና የሃሪየት ስኮት ችሎት

ክበባችን ዘንድሮም የጥያቄና መልስ ውድድር አካሂዷል፤ የዓድዋን በዓልም ከሥነ ጽሑፍ ክበብ ጋር በጋራ አክብሯል። ሰፋ አድርጌ ልጽፍለት የምሻው ግን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በመማሪያ ክፍል ያስቻልነውን የድሬድ ስኮት ጉዳይ ነው።

ድሬድ ስኮት በአሜሪካ በባርነት ይኖር የነበረ ሰው ነው። ጌታው የጦር ሐኪም ስለነበር፣ ባርነት ወደተከለከለበት ኢሊኖይ፣ ቀጥሎም እንዲሁ ባርነት ወደተከለከለበት ወደ ፎርት ስኔሊንግ የጦር ሰፈር ይዞት ሄደ። እዚያ ሃሪየትን አገባ። ሚዙሪ ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ባልና ሚስቱ ባርነት በተከለከለበት ምድር ኖረናል ብለው ነፃነታቸውን ለማስከበር በሴንት ሉዊስ ክስ መሠረቱ። ሃሪየት የከሰሰችው በራሷ ስም ነው። ሴት ተማሪዎቻችን ይህን እንዳነበቡ፣ የምስክርነት ቃሏ ለብቻው ይሰማ ብለው ሞገቱ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነበር፤ በዚያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ስለሚከተል፣ የልጆቻቸው የኢላይዛና የሊዚ ነፃነት የተንጠለጠለው በእናታቸው ላይ ነበር።

ጉዳዩ በመጨረሻ የደረሰበትን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የሮጀር ቶኒን ድርሻ የወሰደው ልጅ ቃሉን ማለዘብ ፈልጎ ነበር። አልፈቀድሁለትም፤ ግፍ በራሱ አንደበት መሰማት አለበት። መጋቢት 6 ቀን 1857 ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ፣ ጥቁር ሰው ባሪያም ሆነ ነፃ የአሜሪካ ዜጋ አይደለም፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት ባልሆኑት የአገሪቱ መሬቶች ባርነትን ሊከለክል አይችልም ሲል በየነ።

ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ቤንጃሚን ከርቲስ ነበር። እርሱን ሆኖ የቀረበው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምንም ሳይናገር ጠመኔ አንሥቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ስሞች ጻፈ፦ ኒው ሃምፕሸር፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሰሜን ካሮላይና። በእነዚህ ግዛቶች ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት ነፃ ጥቁሮች ይመርጡ ነበር። ታዲያ መራጭ የነበረን ሰው ከሕገ መንግሥቱ ባለቤቶች መካከል ማን ያወጣዋል? በዓመቱ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ቡካነን ፍርዱ ጠቡን ያበርዳል ብለው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ፍርዱ ብቻውን አመጣው አልልም፤ ሆኖም በ1820 የተደረሰበትንና በከፊሉ የአገሪቱ መሬት ባርነትን የከለከለውን ስምምነት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል በማለቱ ለሽምግልና የቀረውን ቦታ አጠበበ። ሰሜኑ ተቆጣ፣ ሊንከን በ1860 ተመረጠ፣ በዓመቱ ጦርነቱ ፈነዳ። ስኮትና ቤተሰቡን በግንቦት 1857 ነፃ ያወጣቸው ፍርድ ቤት ሳይሆን የቀድሞ ጌቶቹ ልጅ ነው፤ ድሬድም በ1858 አረፈ።

ለመጪው ዓመት ተማሪዎቹ የመረጡት፣ በ1868 የጸደቀውንና በአሜሪካ ምድር የተወለደን ሰው ዜጋ ያደረገውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የክበቡ ምዝገባ በጥቅምት ይጀመራል፤ ዘጠነኛ ክፍሎችም መግባት ይችላሉ።