አንቀጽ 7 እንቅልፍ ነሳኝ

እህት ዓለም፣

ጠፋሁ። ይቅርታ። አንቺም ጠፍተሻልና ተቻችለን እንለፈው። የቤተሰቡን ወሬ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ሁሉም ደህና ነው። ዛሬ የፈለግኩት ጠበቃዋን ነው። «ሲቸግርሽ ብቻ ነው የምታስታውሺኝ» ትያለሽ። በይ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል ትልቅ ሥዕል አዘዘኝ። የሰኞ ገበያ ግርግር፣ በዘይት ቀለም፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ የሚሰቀል። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ከዚያ ውሉ መጣ። አንቀጽ 7፦ «ሠዓሊዋ በማንኛውም ጊዜ ለሚታይ ማንኛውም የተደበቀ የዕቃ ጉድለት ሙሉ ኃላፊነት አለባት።» በማንኛውም ጊዜ! ስሞት ልጆቼን ሊከስ ነው?

ሰውየው ክፉ አይደለም። ከሌላ ሰው የገዛው ሥዕል ቀለሙ እየተላጠ ረግፎበታል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ነጭ ቀለም ስገዛ ቱቦው ውስጥ ያለውን አላየውም። ዚንክ ያለበት የዘይት ነጭ ሲሠሩበት ግሩም ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ተሰባሪ ይሆንና ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። ደህና ፋብሪካ ቱቦው ላይ ኮድ ይጽፋል፤ ፒ ደብልዩ 4 ካለ ዚንክ ነው፣ ፒ ደብልዩ 6 ካለ ቲታኒየም። ርካሹ ላይ ኮድ የሚባል ነገር የለም። ደሴ ላይ እጄ የሚገባው ደግሞ እሱው ነው። ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ ደረሰኙንም እይዛለሁ።

የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የሮትኮን ታሪክ ነግሬሽ ነበር፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ እንጂ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘዘው ትልልቅ ሥዕሎች በ1964 እ.ኤ.አ. ተሰቀሉ። የተጠቀመበት ቀይ ብርሃን የማይችል ነበር፤ ክፍሉ ደግሞ ፀሐይ ይገባዋል። ቀለሙ ለቀቀና በ1979 አወረዷቸው። ቀለሙን የመረጠው እሱ፣ ፀሐይ ያስመቱት እነሱ። በአንቀጽ 7 ቢዳኝ ግን ሁሉም በሮትኮ ላይ ነው የሚወድቀው።

እኔ የምለው ይከፋፈል ነው። ለሸራው አወጣጠር፣ ለመሠረት ቀለሙ፣ ለአቀባቤ አምስት ዓመት ዋስትና ልስጥ። ፋብሪካው ቱቦው ውስጥ ላበላሸው፣ ደረሰኙንና ኮዱን ካስረከብኩ፣ ሻጩ ለእኔ ከገባው ዋስትና በላይ አልጠየቅ። እርጥበቱ፣ ፀሐዩ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለው አስተናጋጅ የእነሱ። ጉድለት ሲያዩ ቶሎ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ መጀመሪያ የማድሰውም እኔ ልሁን። ቤት ቀለም የሚቀባ ሰው ጠርተው ካስነኩት ዋስትናው ይቅር። የምከፍለውም ከተቀበልኩት ዋጋ አይለፍ። ስግብግብ ሆንኩ እንዴ?

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2610 እንዲህ ያለው ሠርቶ የማስረከብ ውል ነው ብለሽኝ ነበር። ሸራውንም ቀለሙንም ራሴ ሳቀርብ ግን እንደ ሻጭ እጠየቃለሁ? ደግሞ እያወቅኩ የደበቅኩት ጉድለት ካለ ገደቡ አይሠራም የሚል ዐረፍተ ነገር ራሴው ላስገባ አስቤያለሁ። እንዲያምነኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ... እንዴት ልበልሽ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ግድግዳ አይቼዋለሁ። ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ነው። ከታች በኩል ጨው የመሰለ ነጭ ነገር አውጥቷል። ሸራ እርጥበት ሲስብና ሲለቅ ይላላል፣ ይወጠራል፤ የደረቀው ቀለም አብሮት መሄድ ያቅተዋል። ይህንን ለሰውየው ገና አልነገርኩትም። ግድግዳ ማሳደስ ወጪ ነው፤ «ተይው በቃ» ቢለኝስ? ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጄ ሊፈርም ምንም አልቀረው። የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል።

ልነግረው ነው መሰለኝ። ግን በአፍ ልንገረው ወይስ ከውሉ ጋር በጽሑፍ ይያያዝ? ፎቶ አንስቻለሁ፣ ቀኑም አለበት። እስክትመልሺልኝ አልፈርምም።

ሐሙስ ይደውልልኛል። ረቡዕ ማታ ድረስ አንቀጹን አስተካክለሽ ላኪልኝ። ክፍያሽን በሥዕል እንዳልልሽ፣ ያለፈው እስካሁን አልተሰቀለም ሲሉ ሰምቻለሁ። በጥሬው እንነጋገራለን።

ያንቺው፣
የደሴዋ