በገዛ ስማችሁ ላይ ከመጫረታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ ሐበሻ ነጋዴዎች የጉግል ማስታወቂያ አወጣለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የምጽፈው ውስጤን ስለሚያበግን አንድ ነገር ነው። ብዙ ሬስቶራንቶች፣ የሆም ኬር ድርጅቶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ለማስታወቂያ ከሚከፍሉት ገንዘብ ቀላል የማይባለው የሚያልቀው በራሳቸው ስም ላይ ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ይህን አያውቁም።

ሰው የድርጅታችሁን ስም ጉግል ላይ ሲጽፍ በዚያ ስም ላይ ጨረታ ይካሄዳል። እናንተም፣ ተፎካካሪያችሁም መጫረት ትችላላችሁ። ያሸነፈው ከላይ ይወጣል፣ ክሊክ በተደረገ ቁጥር ይከፍላል። የእናንተ ድረ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ከሥር በነጻ ተቀምጧል። ስማችሁን ጽፎ የመጣ ሰው እኮ ድሮም እናንተን ፈልጎ ነው! በማስታወቂያው በኩል ገብቶ ሲደውል ግን የማስታወቂያ ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ እኔ ያመጣሁት ደንበኛ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። በስም የሚመጣ ክሊክ ርካሽ ስለሆነና ደዋዩም ስለሚበዛ ሪፖርቱ ያምራል፤ "የኢትዮጵያ ሬስቶራንት አጠገቤ" ወይም "ሆም ኬር ሲልቨር ስፕሪንግ" ብሎ የሚፈልገውን አዲስ ሰው ማምጣት አለመቻላቸው እዚያ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል።

የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ ይህን በትክክል ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያሁና ኤምኤስኤን የተባሉት የፍለጋ ድረ ገጾች ላይ በገዛ ስሙ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አቆመ። በማስታወቂያው ይመጡ ከነበሩት ሰዎች 99.5 በመቶ የሚሆኑት በነጻው ሊንክ መጡ። ሲከፍልላቸው የነበሩት ሰዎች ሳይከፈልባቸውም ይመጡ ነበር ማለት ነው።

እናንተ ግን ኢቤይ አይደላችሁም፣ ይህን አውቃለሁ። የእኛ ሰው ለቤቱ ስም ሲያወጣ ላሊበላ፣ አዲስ፣ አቢሲኒያ፣ ሐበሻ ይላል። ላሊበላ ብሎ የጻፈው ሰው እራቱን ይፈልግ፣ ጉዞውን ያስብ፣ ወይም ሌላ ከተማ ያለውን ላሊበላ ይፈልግ፣ ማን ያውቃል? ከላያችሁ የወጣው ሰውም በእናንተ ስም ተጫረተ ለማለት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ሞክሩት የምለው። በስማችሁ የሚወጣውን ማስታወቂያ ለሁለት ሳምንት አስቁሙ። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ሰሞን አይሁን፣ ቁጥሩ ይዛባል። ከዚያ ክሊኩን ትታችሁ ስልኩንና ቦታ ማስያዣውን ቁጠሩ። ካልቀነሰ ብሩን ወደ አዲስ ደንበኛ አዙሩት። ተፎካካሪ ከላይ ተቀምጦ ሰው እየወሰደባችሁ ከሆነ ደግሞ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ለስሙ ባለቤት ክሊኩ ብዙውን ጊዜ ከተፎካካሪው ይልቅ ይረክሳል።

በጎረቤታችሁ ስም ለመጫረት የምታስቡትም አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቁልፍ ቃሉን (የምትጫረቱበትን የፍለጋ ቃል) መግዛት ብቻውን ብዙ ጊዜ ሕገ ወጥ አይባልም። በ2024 አሪዞና ውስጥ ያሉ ሁለት የጠበቃ ቢሮዎች በዚህ ተካሰው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለተጫራቹ ፈርዷል። ማስታወቂያው በሌላው ስም ፍለጋ ላይ 109,322 ጊዜ ታይቶ ነበር። ተደናግረው ደውለዋል ተብሎ የቀረበው ቁጥር 236 ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2010 የፋሽን ድርጅቱ ሉዊ ቪቶን ባቀረበው ክስ ጉግል ራሱ የንግድ ምልክቱን አልጣሰም ብሎ፣ ማስታወቂያው የማን እንደሆነ ለአንባቢ ግልጽ ካልሆነ ግን አስተዋዋቂው ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ደግ ሥራ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ሰዎች ነን፤ የአንዱን የሃያ ዓመት ስም በጥቂት ዶላር መሸመት ያሳፍራል።

ተፎካካሪው ስማችሁን ማስታወቂያው ጽሑፍ ውስጥ ካስገባ ነገሩ ሌላ ነው። የተመዘገበ የንግድ ምልክት ካላችሁ ለጉግል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። ከተፎካካሪ ጋር "በስማችን አንጫረት" ብሎ ውል መፈራረም ግን ያለ ጠበቃ እንዳትሞክሩት። ዋን ኤይት ሀንድረድ ኮንታክትስ የተባለው የኮንታክት ሌንስ (ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ) ሻጭ ከ14 ተፎካካሪዎች ጋር እንዲህ ተዋውሎ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ጥፋተኛ አድርጎት ነበር። ይግባኙን ያሸነፈው በ2021 ነው። እናንተ ያንን ያህል ዓመት የምትከራከሩበት ገንዘብ የላችሁም።

የማስታወቂያ ድርጅታችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ በስማችን የመጣውንና በሌላ ቃል የመጣውን ለየብቻ አሳየን በሉት። በአንድ ሰዓት ሊያወጣው የሚችል ሪፖርት ነው። ሰበብ ከደረደረ ወይም ነገሩ ውስብስብ ነው ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሜሪላንድ አንባቢያችሁ