የኮንሰርቱን ድምፅ በእኛ መስኮት ላይ ለኩልን
ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፣

የምጽፍልዎ ከስታዲየሙ ማዶ ካለው የመኖሪያ ሰፈር ነው። ጉዳዩ ጽሕፈት ቤትዎ ስታዲየሙ ውስጥ ለሚካሄዱ ኮንሰርቶች የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በቅርቡ ይታደሳል። ከመታደሱ በፊት እንዲስተካከል የምንፈልገው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የድምፁ ገደብ ሰው በሚተኛበት ቤት መስኮት ላይ ይለካ፤ ቤዙም፣ ማለትም ወፍራሙ የምት ድምፅ፣ ለብቻው ገደብ ይኑረው።

ኮንሰርት ይቅር አላልንም። የሰፈሩ ልጆች ትኬት ቆርጠው ይገባሉ። በኮንሰርቱ ቀን በር ላይና ጽዳት ላይ ሠርተው የሚገቡ ጎረቤቶች አሉን። ስታዲየሙ ከጨዋታ ውጪ ባሉ ቀናት ገቢ ማግኘት እንዳለበትም ይገባናል። እኛም ግን በማግሥቱ ሥራ አለን፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉን።

እኛ ቤት የሚደርሰው ዘፈን አይደለም። የዘፋኙ ድምፅ፣ ጊታሩ፣ የሕዝቡ ጭብጨባ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ግድግዳ አልፎ የሚገባው ቤዙ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ለሰዓታት። መስኮት መዝጋት ብዙም አይረዳም። መዳፍዎን መስታወቱ ላይ ቢያሳርፉ ምቱ እጅዎ ላይ ይታወቅዎታል። ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይንቀጫቀጫል። ከታች ያለችው አራስ ጎረቤቴ ሕፃኑን አቅፋ ከክፍል ወደ ክፍል ትዞራለች፤ የተሻለ ክፍል ግን አታገኝም። ዘፈን ቢሆን ሰው ቢያንስ ይሰማዋል። ይሄ ደረት ላይ የሚያርፍ ምት ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ አጥርና ግድግዳ በቀላሉ ያስቀረዋል። የቤዝ ሞገድ ግን ረጅም ነው። 50 ኸርዝ ላይ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ይህን ተራ መስኮት አይመክተውም፤ አጥሩንም ዞሮ ያልፈዋል። የአየሩም ጠባይ አለ። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ምሽት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው አየር ደግሞ ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ያኔ ወደ ላይ መሄድ የነበረበት ድምፅ ወደ ታች ይታጠፍና ራቅ ያሉ ቤቶች ላይ ያርፋል። ነፋስ ካለ ደግሞ ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል ያለው ሰፈር ይብስበታል። ስታዲየሙ ሥር ያለ ሰው ምንም ሳይል ራቅ ያለው አቤት የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። እባክዎ «እነዚያ ሩቅ ናቸው፣ ምን ሊሰሙ ነው» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥምዎ ይህን ይጠይቁልን።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። አቤቱታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «ተለክቷል፣ ከገደቡ በታች ነው» የሚል ነበር። ለክተው እንደሆነ አልጠራጠርም። ጥያቄዬ ምን ለኩ፣ የት ቆመው ለኩ የሚለው ነው።

የድምፅ መለኪያ መሣሪያ የድምፁን ኃይል በዲሲቤል፣ በተለያየ ሚዛን ያነባል። በብዛት የሚሠራበት ዲሲቤል ኤ የሚባለው ነው። የሰው ጆሮ ወፍራም ድምፅን እንደ ሌላው አጥርቶ ስለማይሰማ ይህ ሚዛን ቤዙን ሆን ብሎ ቀንሶ ያነበዋል። 63 ኸርዝ ላይ 26 ዲሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ዲሲቤል ሲ የሚባለው ሚዛን ግን እዚያው ላይ የሚቀንሰው አንድ ዲሲቤል እንኳ አይሞላም። እስቲ ያስቡት። መስኮታችን ላይ የደረሰው የ63 ኸርዝ ቤዝ 80 ዲሲቤል ቢሆን፣ በኤ ሚዛን የሚመዘገበው 54 ነው። ሪፖርቱን ያነበበ ኃላፊ ሰፈሩ ሰላም ነው ብሎ ይፈርማል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ግን መስኮቱ እየተንዘረዘረበት ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ምሽት ነው።

መላው የጠፋ ነገር አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኮንሰርት ድምፅ መመሪያ ቤዙን ለብቻው አንስቶታል። ከቦታው ራቅ ላሉ ቤቶች በ63 ወይም በ125 ኸርዝ መደብ (በእነዚህ ቁጥሮች ዙሪያ ያለው ወፍራም ድምፅ ለብቻው ሲለካ) እስከ 70 ዲሲቤል ቢደርስ እንደሚያስኬድ፣ 80ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከባድ ረብሻ እንደሚሆን እንደ መነሻ ይጠቁማል። ፍጹም ነው አልልም። ግን ቢያንስ ቁጥር አለው። የእኛ ፈቃድ ስለ ቤዝ አንድም ቃል የለውም።

ያው መመሪያ ሌላ የወደድኩለት ነገር አለው። ገደቡን ከምሽቶቹ ብዛት ጋር አያይዞታል። ከተማ ውስጥ ያለ ስታዲየም በዓመት ከ1 እስከ 3 ቀን ብቻ ኮንሰርት ካለው፣ መኖሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲለካ በ15 ደቂቃ አማካይ እስከ 75 ዲሲቤል ኤ ይፈቀድለታል። ከ4 እስከ 12 ቀን ካለው ግን ሙዚቃ በሌለበት ሰፈሩ ውስጥ ከሚኖረው ድምፅ ከ15 ዲሲቤል ኤ በላይ መብለጥ የለበትም።  ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥቂት ቀን ከሆነ ጎረቤት ይታገሣል፤ ከበዛ ድምፁ ዝቅ ይላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙዚቃው መስኮት ተከፍቶ እንኳ ቤት ውስጥ መሰማት የለበትም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሰው ደህና እንዲተኛ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዲሲቤል ባይበልጥ ይመክራል። እኛ ጋ ምሽት ላይ የሚኖረው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አይደለም።

«እሺ፣ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ድምፁ እናንተ ቤት ምን ያህል እንደደረሰ በምን ያውቃል?» ይሉኝ ይሆናል። ለዚህ የተለመደ አሠራር አለ። ከኮንሰርቱ በፊት ስፒከሮቹ ተሰቅለው ሲያልቁ የታወቀ ድምፅ ይለቀቃል። አንዱ ባለሙያ ሚክሰሩ (የመድረኩ ድምፅ የሚስተካከልበት መሣሪያ) ጋ ቆሞ ይለካል፣ ሌላው በዚያው ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ሲታወቅ «ሚክሰሩ ጋ ከዚህ ቁጥር ካለፍክ ሰፈሩ ውስጥ ገደቡን አልፈሃል» የሚል ቁጥር ይወጣል። የድምፅ ባለሙያው ምሽቱን ሙሉ ያንን ቁጥር እያየ ይሠራል። ሳውንድ ቼክ ማድረጋቸው አይቀርም፤ ይህም አብሮ የሚሠራ ነው።

ስፒከሩ ራሱ የሚተከልበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። ሁሉንም ጉልበት መድረኩ ላይ ከመቆለል፣ አነስ ያሉ ስፒከሮችን ሜዳው ውስጥ ከፋፍሎ ወደ ተመልካቹ ዝቅ አድርጎ ማዞር ይቻላል። የቤዝ ስፒከሮችም ከኋላቸው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ተደርገው ይደረደራሉ። ትልልቅ አዘጋጆች ይህን ያውቁታል። ፈቃዱ ካላስገደዳቸው ግን አብዛኞቹ ወጪ አያወጡበትም። እዚህ ላይ አዘጋጆቹን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ያልተጠየቁትን ለምን ያደርጋሉ?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። በኮንሰርቱ ምሽት ስንደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። በማግሥቱ ቢሮ ስንሄድ «አሁን ምን ማድረግ ይቻላል፣ አለቀ እኮ» እንባላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እዚያው ምሽት፣ እዚያው ስታዲየም ውስጥ «ቀንሱ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው የከተማው ሰው መኖር አለበት። የእኛን ስልክ የሚያነሳውም እሱ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ዝነኛው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከሌላው ዝነኛ ዘፋኝ ከፖል ማካርትኒ ጋር መድረክ ላይ እያሉ ድምፁ ተቋረጠ። የፈቃዱ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነበርና አልፏል። ድምፁን ያጠፋው አዘጋጁ ራሱ ነው። ብዙ ሰው ተናደደ፤ ንዴቱም ይገባኛል። ግን ፈቃድ ላይ የተጻፈ ሰዓት ለማን እንደሚሠራ ያሳየ ምሽት ነበር። ለሁሉም ይሠራል፣ የቱንም ያህል ታላቅ ዘፋኝ ቢሆን።

የቀኖቹ ብዛት ደግሞ ትኬት ከመሸጡ በፊት ይወሰን። ደብሊን ውስጥ የሆነው ለማንም የሚመኙት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካዊው ዘፋኝ ጋርዝ ብሩክስ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ ሊያቀርባቸው የነበሩ 5 ኮንሰርቶች 400,000 ያህል ትኬት ተሸጠላቸው። ፈቃዱ ግን ገና ነበር። ነዋሪዎቹ «በዓመት 3 ነው የተባልነው» አሉ። የከተማው ምክር ቤት 3ቱን ፈቅዶ 2ቱን ከለከለ። ዘፋኙ ወይ አምስቱም ወይ አንዱም አለ፣ ሁሉም ተሰረዘ። ነዋሪው ተወቀሰ፣ ትኬት የገዛው አዘነ፣ ከተማው ገቢ አጣ። ማድሪድም አለ። የሪያል ማድሪድ ክለብ ሳንቲያጎ በርናቤው ስታዲየም በብዙ ወጪ ታድሶ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ጣሪያ ተሠርቶለት ኮንሰርት ጀመረ። ጎረቤቶቹ በድምፁ ተማረው ክስ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ክለቡ ኮንሰርቶቹን ለማቋረጥ ተገደደ። እንግዲህ «ጣሪያ ስንሠራ ይፈታል» የሚለንን ሰው በቀላሉ ባናምን አይፍረዱብን።

ብዙ ጊዜ የሚነሳብን ክርክር አለ። «ስታዲየሙ ቀድሟችሁ ነበር፤ እያወቃችሁ ነው የገባችሁት» ይሉናል። እውነት ነው፣ የጨዋታ ስታዲየም እንደሆነ አውቀን ገብተናል። የጨዋታ ጩኸት ግብ ሲገባ ይነሳል፣ ይበርዳል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ያልቃል። ለዓመታት አብረነው ኖረናል። በስፒከር ጎልቶ ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚመታ ቤዝ ሌላ ነገር ነው። የሕንፃው አገልግሎት ሲቀየር ፈቃዱም አብሮ መቀየር ነበረበት።

ስለ መሣሪያ ማንሳቱም ትንሽ ልበል። ኮንሰርቱ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ የመድረኩ ብረት ይፈታል። ብረት በብረት ላይ ይወረወራል፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ጀነሬተሩ እስኪነጋ አይጠፋም። ይህን ወደ ቀን ማዛወር ብዙ ምርምር የሚጠይቅ አይደለም።

ድምፁ ልክ ሲኖረው የሚጠቀመው ጎረቤት ብቻ እንዳልሆነም ላስታውስዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት በመዝናኛ ቦታዎች ውስጥ ያለው ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዲሲቤል ኤ እንዳይበልጥ ይላል። ይህ የወጣው ትኬት ቆርጠው ለሚገቡት ጆሮ ነው። እዚያ ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አዲሱ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የዓመቱ የኮንሰርት ቀናት ብዛት ይጻፍበት። ገደቡ ሰፈራችን ውስጥ በታወቁ ቦታዎች ይለካ፤ በዲሲቤል ኤ ሚዛንም፣ በ63 እና በ125 ኸርዝ መደብም። ከእያንዳንዱ ኮንሰርት በፊት የድምፅ ሙከራው ይደረግ። ሙዚቃው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይቁም። በምሽቱ የሚያዝ አንድ ሰው ይመደብ፣ ስልኩም ይነገረን። የልኬቱ ውጤት ደግሞ በማግሥቱ ለሁሉም ይለጠፍ። ከገደቡ በታች ከሆነ እኛም ቅሬታችንን እናነሳለን።

ለመለኪያው ቦታ አታስቡ። የምሥራቁም የምዕራቡም በረንዳ አለ፣ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ማይክሮፎን ለመትከል ፈቅደዋል፣ ኤሌክትሪኩንም እንሰጣለን። ባለሙያዎችዎ ከሚቀጥለው ኮንሰርት በፊት ቢመጡ በር ከፍተን እንቀበላቸዋለን። የሚመጡበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከስታዲየሙ ማዶ ያለው ሰፈር ነዋሪ