ለንግድ መርከበኞቻችን ሙዚየም ይሠራላቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ስለ ባሕር በር የምታወጡትን ጽሑፍ ሁሉ እከታተላለሁ። ስለ ወደብ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ሕጉ ብዙ አስነብባችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን። ስለ መርከበኞቹ ግን አንድም ገጽ አላየሁም። ወደብ ሲባል የሚታየን ክሬንና ኮንቴነር ብቻ ሆኗል። ያንን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ዕቃውን የሚያመጣው ግን ሰው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ደግሞ ከስልሳዎቹ ዓመታት ወዲህ ያገለገሉ የእኛው አገር ልጆች አሉ፣ ብዙዎቹ አሁን ጡረታ ወጥተው እዚሁ አጠገባችን ይኖራሉ።

መርከበኛ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የባሕር ኃይልን ነው። ነጭ ዩኒፎርም፣ ምፅዋ፣ ሰልፍ። የእነሱም ታሪክ ይገባቸዋል፣ አልጠላም። እኔ የምለው ግን የንግድ መርከበኞቹን ነው፤ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ መኪና ያመላለሱትን። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ወደቦቹ ሄዱ፣ መርከቦቹ ግን ከነሠራተኞቻቸው ለእኛ ቀሩ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ አሰብ ተዘጋብንና ሥራው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በዚያ ሁሉ መሀል እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አላቋረጡም። ባሕር የሌለው አገር የራሱን ባንዲራ ሰቅሎ መርከብ የማንቀሳቀስ መብት እንዳለው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 90 ይናገራል። ያንን ባንዲራ ይዞ በየወደቡ የገባው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ጎረቤቴ አንዱ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። የመርከበኛ ደብተራቸውን አንድ ቀን አውጥተው አሳዩኝ። ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ውስጡ መስመር በመስመር ተሞልቷል፤ የመርከቡ ስም፣ የተሳፈሩበት ወደብና ቀን፣ የወረዱበት ወደብና ቀን፣ የሥራ ድርሻቸው፣ መጨረሻ ላይ የካፒቴኑ ፊርማና ማኅተም። የማኅተሙ ቀለም ወደ ጀርባው ገጽ አልፎ ጽሑፉን አደብዝዞታል። አንዱ ገጽ ላይ የዘይት የጣት አሻራ አለ፣ «ይሄ የኔ ነው፣ ከሞተር ቤት ወጥቼ እጄን ሳልታጠብ ነው የፈረምኩት» አሉኝ። አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ማረፍ፣ ከዚያ እንደገና አራት ሰዓት፣ ቅዳሜ የለ እሑድ የለ። በበጋ ቀይ ባሕር ላይ የሞተር ክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ጩኸቱ ጆሯቸውን ጎድቶታል፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ሲያናግሯቸው ይጮሃሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው መወለዱን የሰሙት በድሮው ቴሌግራም ነው። ሚስታቸው ምጡንም ክርስትናውንም ብቻቸውን ነው የተወጡት። ሙዚየሙ ይሠራ ስል የእኚህንም እናት ታሪክ ጭምር ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሥጋቴ ልምጣ። የጋሼ አንድ የሥራ ባልደረባ የዛሬ ጥቂት ዓመት አረፉ። ልጆቹ ቤቱን ሲለቁ ወረቀቱን፣ ፎቶውን፣ አንድ ሴክስታንት ሳይቀር ለቆራሌው ሰጡት። ሴክስታንት ማለት ጂፒኤስ ሳይመጣ በፊት መኮንኖቹ እኩለ ቀን ላይ የፀሐይን ከፍታ ለክተው መርከቡ ያለበትን ኬክሮስ የሚያሰሉበት መሣሪያ ነው። በነሐስ ኪሎ ተመዝኖ ሄደ። በልጆቹ አልፈርድም፣ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም፣ ቢያውቁስ ወስደው የሚያስረክቡት የት ነው?

ሌላው ዓለምም ቢሆን መርከበኞቹን ቶሎ አላስታወሰም። አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉት የንግድ መርከበኞች የአርበኝነት ዕውቅና የሰጡት ጦርነቱ ካለቀ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ኪንግስ ፖይንት በሚባለው ቦታ፣ የመርከበኞች ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ የንግድ መርከበኞች ሙዚየም አላቸው። ለንደን ታወር ሂል ላይ ደግሞ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ባሕር ውስጥ የቀሩ ከ35,000 በላይ መርከበኞች ስማቸው ተቀርጾላቸዋል። ስዊዘርላንድም እንደኛ ባሕር የላትም፣ ግን በ1941 እ.ኤ.አ. የራሷን የንግድ መርከቦች አቋቁማለች። ባሕር የለንም ብለን የምንተወው ነገር አይደለም።

አደጋው ደግሞ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጋላክሲ ሊደር የሚባለው መርከብ 25 መርከበኞች በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀይ ባሕር ላይ ተይዘው ከአንድ ዓመት በላይ የመን ውስጥ ታግተዋል። በዚያው ዓመት የካቲት ትሩ ኮንፊደንስ በሚባለው መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች በሚሳይል ሞተዋል። የእኛም ልጆች መተላለፊያቸው ይሄው ባሕር ነው። ባሕር ዳር ከተማ የማሪታይም ትምህርት ጨርሰው በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ በኢንጂነርነት የሚሠሩ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ በፊት ማን እንደነበረ የሚያዩበት አንድ ክፍል እንኳ አላዘጋጀንላቸውም።

ቦታውን በተመለከተ ሐሳብ አለኝ። መሀል ከተማ አይሁን። አድዋ ሙዚየም ፒያሳ ላይ ሲሠራ ቦታው ነው፣ ይሄኛው ግን ወደኛ ወደ ዳሩ ይምጣ። ከጅቡቲ የመጣ ጭነት ከባቡር የሚወርደው እንዶዴ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሳው ተሳቢ የሚያልፈው በኛ በኩል ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዳቦም የሞባይል ካርድም የምንገዛው ከኮንቴነር ሱቅ ነው። ልጆቻችን በየቀኑ የሚደገፉት ኮንቴነር ላይ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ባለቤቱን ይናገራሉ፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ደግሞ ቁጥሩ ተሳስቶ እንዳይጻፍ ማጣሪያ ናት። ይሄን የሚያስረዳ ሰው ቢያገኙ የሰፈሩ ልጆች ያንን ብረት ሲያዩ የት የት እንደዞረ ማሰብ ይጀምራሉ።

ሕንፃ ይሠራ ብዬ አላስቸግርም። ለመነሻ አራት አሮጌ ኮንቴነሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳቸው ቢከፈት ይበቃል። አንዱ ውስጥ የሞተር ክፍል ዕቃዎች፣ አንዱ ውስጥ ደብተሮቹና ካርታዎቹ፣ ሌላው ውስጥ የቤተሰቦቹ ደብዳቤና ቴሌግራም። አንዱ ደግሞ የመርከቦቹ ይሁን፤ ጊቤ፣ ሸበሌ፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ። የከተሞቻችንና የወንዞቻችን ስም በዓለም ወደቦች ሲጠራ የኖረው በእነዚህ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን መሰብሰቡ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስም ሆነ የማሪታይም ባለሥልጣኑ አንድ ቢሮና አንድ ስልክ ቁጥር መድበው «ያላችሁን አምጡ፣ ደረሰኝ እንሰጣለን» ይበሉ። የሽማግሌዎቹን ድምፅ የሚቀዳ ሰው ይመደብ፣ ይሄ ጊዜ አይሰጥም። እናንተም ሰኔ 18 የዓለም የመርከበኞች ቀን ነውና ለዚያ ቀን አንድ ገጽ ያዙላቸው፣ እባካችሁ። ቤታችሁ የመርከበኛ ደብተር፣ ፎቶ ወይም ዩኒፎርም ያላችሁ አንባቢዎችም እስከዚያው ለቆራሌው አትስጡ። እኔና የጋሼ ልጅ የእሳቸውን ወሬ በስልካችን መቅዳት ጀምረናል፣ ቢሮው ሲከፈት ቀድመን እናስረክባለን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከቱሉ ዲምቱ